ኦድሊ ኤንድን በኮምፔንሳቶና በአክሪሊክ፡ የሞዴል ሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ አለዚያ እኔም ይጠፋብኛል።

ሥራው እንዲህ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ውስጥ ሳፍሮን ዋልደን ከተማ አጠገብ ኦድሊ ኤንድ የሚባል ትልቅ የመኳንንት ቤት አለ፣ እሱን በስኬል 1፡200፣ ማለትም ሁለት መቶ ጊዜ አሳንሼ፣ ልሠራው ነው። እኔ እንጀራዬ ኪችን መግጠም ነው፣ ሞዴል ሠርቼ አላውቅም፣ ግን እዛ አካባቢ ሥራ ነበረኝና አንድ ቅዳሜ ልጄን ይዤው ገባሁ። ልጁ ፊት ለፊቱ ቆሞ "አባ ለምንድነው ሁለት ዋና በር ያለው?" አለኝ። ጠይቄ አንዱ ለንጉሡ አንዱ ለንግሥቲቱ ነው አልኩት፣ ከበሮቹ በላይ የተቀረጸውም አንዱ ጦርነት ሌላው ሰላም ነው። እሱ እሺ ብሎ ወደ አይስክሬሙ ሄደ፣ እኔን ግን ነገሩ ያዘኝ።

ማታ ቤት ገብቼ የድሮ ስዕሉን ኢንተርኔት ላይ ሳየው ደነገጥኩ። እኛ ፊት ለፊት ብለን ፎቶ የተነሳንበት ግድግዳ የቤቱ ፊት አልነበረም እኮ። መሀሉ ነው። ከፊቱ ትልቅ ግቢ ነበር፣ ዙሪያውን ህንጻ ያለው፣ የበር ቤት ያለው፣ ከኋላው ደግሞ ሌላ ግቢ ነበር፣ እሱም አራት ማዕዘን የተዘጋ። ከዛ ሁሉ የቀረው ዛሬ የምናየው ነው፣ እሱም ራሱ ትልቅ ነው የሚባለው።

አጭር ታሪኩን ለራሴ ልጻፍ። መጀመሪያ ገዳም ነበር። ሄንሪ 8ኛ ገዳማቱን ሲዘጋ በ1538 ለሰር ቶማስ ኦድሊ ተሰጠ፣ እሱም ገዳሙን መኖሪያ ቤት አደረገው፣ ስሙም ከዛ የመጣ ነው። የልጁ ልጅ ቶማስ ሃዋርድ፣ የመጀመሪያው የሰፎክ ኧርል (ኧርል የመኳንንት ማዕረግ ነው)፣ ከ1603 አካባቢ እስከ 1614 ድረስ አፍርሶ ከአዲስ ገነባው። ንጉሥ ጄምስ 1ኛ ሲጎበኘው "ለንጉሥ ይበዛል፣ ለገንዘብ ያዥ ግን ይሆናል" አለ ይባላል። ሰውየው የንጉሡ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበራ። በኋላ በሙስና ተከሶ ለንደን ታወር፣ እስር ቤት ገባ። ቤቱ የዛን ጊዜ ነው መቀነስ የጀመረው ብዬ ነው የማስበው፣ ድንጋዩ ገና ሳይነካ።

አንድ የወደድኩት ነገር፣ ቤቱ ሲሠራ ከጣሊያን የመጣ የእንጨት ሞዴል ነበረው፣ ዋጋውም 500 ፓውንድ ነበር ተብሎ ይነገራል። የኔ ባጀት 250 ነው፣ ከ400 ዓመት በኋላ።

ሳምንት 2

ፕላን ፍለጋ። ዛሬ ያለው ቀላል ነው፣ ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ የህንጻው አሻራ አለ፣ ላይብረሪ ደግሞ የድሮ ካርታ አለ። የፈረሰው ነው ችግሩ።

እዚህ ላይ ሄንሪ ዊንስታንሊ የሚባል ሰው ጠቀመኝ። የሳፍሮን ዋልደን ልጅ ነው፣ ቤቱ የንጉሥ ቻርልስ 2ኛ በነበረ ጊዜ የግንባታው ሥራ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቷል፣ ያኔ ቤቱን በሙሉ በመዳብ ላይ ቀርጾ አተመው፣ ፕላኑንም፣ ፊቱንም፣ ከላይ የሚታየውንም። እሱ ባይኖር ኖሮ አሁን የፈረሰውን ክፍል ማንም በትክክል አይሠራውም። ይሄው ሰው በኋላ ባህር መሀል ያለ ኤዲስተን የሚባል ቋጥኝ ላይ የመብራት ማማ ሠራ፣ በ1703ቱ ትልቅ ማዕበል ጊዜ ማማው ውስጥ እያለ ከነማማው ባህር ወሰደው። የሠራው ሄደ፣ የሳለው ቀረ።

የመጀመሪያ ስህተቴ፦ ከላይ ከሚታየው ስዕል ላይ ልኬት ወሰድኩ። ሁለት ማታ ሙሉ በስክሪን ላይ እየለካሁ ካድ (የኮምፒውተር መሳያ ፕሮግራም) ላይ ሳልኩት፣ ሲያልቅ የኋላው ግቢ ከፊተኛው ጠቦ እንደ ሬሳ ሣጥን ወጣ። ስዕሉ ፐርስፔክቲቭ ነዋ፣ የራቀው ያንሳል። ይሄን የማያውቅ አናጢ የለም፣ ግን ማታ 5 ሰዓት ላይ ጭንቅላት አይሠራም። ጣልኩት።

ከዛ ፕላኑን ወሰድኩ። ፕላኑ በጫማ (በፊት) የተከፋፈለ የመለኪያ መስመር አለው፣ ጥሩ። ግን ዛሬም ካለው ከአዳራሹ ክንፍ ጋር ሳስተያየው በአንዱ አቅጣጫ ልክ ነው በሌላው ግን ያጥራል። ሰፈራችን ያሉ ጋሼ፣ አዲስ አበባ ድራፍትስማን የነበሩ፣ ደወልኩላቸው። "አንተ ልጅ፣ ወረቀት እርጥብ ሆኖ ነው እኮ የሚታተመው፣ ሲደርቅ በአንድ በኩል ይኮማተራል" አሉኝ። "ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?" ስላቸው "የቆመውን ግድግዳ ያዝ፣ በቁሙም በአግድሙም ለየብቻ አስተካክል፣ ስኬሉን እርሳው" አሉ። እንደዛ አደረግኩ። ዛሬ ከቆመው አዳራሽ ተነስቼ የፈረሰውን ዘረጋሁት፣ ቁጥሮቹም መግባባት ጀመሩ።

ማረጋገጫ አንድ አገኘሁ። በምሥራቅ በኩል የነበረው ረጅሙ ጋለሪ (ረጅም ጠባብ አዳራሽ) 226 ጫማ ነው፣ ወደ 69 ሜትር። በ1፡200 ወደ 34.4 ሴንቲ መምጣት አለበት። የኔ ስዕል 34.1 ሰጠኝ። ሦስት ሚሊ ነው፣ አልጣላም።

ሳምንት 3

ግዢ። 3 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ስድስት ሉህ 31 ፓውንድ። 2 ሚሊ ጥርት ያለ አክሪሊክ (መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ) አራት ሉህ 44። 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ እንጨት ጣውላ) ለመሠረት 80 በ60 ሴንቲ፣ ይሄ ከሥራ የተረፈኝ ነው በነጻ። ኮላ፣ የካተር ምላጭ፣ ብርጭቆ ወረቀት ወደ 18። ትንንሽ ሞርሳዎች ነበሩኝ። የሌዘር መቁረጫ የለኝም፣ አንድ የጋራ ወርክሾፕ በሰዓት 12 ፓውንድ ያከራያል።

የቀለም ህግ አወጣሁ፦ ዛሬ የቆመው በእንጨት፣ የፈረሰው በሚያሳይ አክሪሊክ፣ በ1760ዎቹ የተጨመረው በጠቆረ እንጨት። የ1820ዎቹን ለውጥ ምን እንደማደርገው ገና አላወቅኩም ምክንያቱም እሱ ከህንጻው ውስጥ ነው ያለው።

ሳምንት 5

የሌዘር የመጀመሪያ ቀን። የአዳራሹን ክንፍ፣ የሰሜኑንና የደቡቡን ክንፍ ቆረጥኩ፣ ሦስት ሰዓት ማለት 36 ፓውንድ። ቤት ወስጄ ላያይዝ ስል ጥርሶቹ ሁሉ ይወላገዳሉ፣ እንደ ሽማግሌ ጥርስ። ሌዘሩ ሲቆርጥ ራሱ ወደ 0.2 ሚሊ ይበላል፣ እኔ ደግሞ ካድ ላይ ልክ በልክ ነው የሳልኩት። መጋዝ ቢሆን የምላጩን ውፍረት ማስላት ለኔ እንደ መተንፈስ ነው፣ ሌዘር ብርሃን ስለሆነ የማይበላ መስሎኝ! ለሚቀጥለው በእያንዳንዱ ጎን 0.1 ሚሊ ጨመርኩ። የተቆረጠውን አልጣልኩም፣ ክፍተቱን በኮላና በእንጨት ዱቄት ሞላሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲመታ አይታይም። ያው የማየው እኔ ነኝ።

መስኮቶቹ ግን ያምራሉ። የዚህ ቤት ነገሩ መስኮት ነው፣ ግድግዳው ላይ መስታወት ብዙ ነው፣ ያኔ መስታወት ውድ ስለነበረ ሀብት ማሳያ ነው። ለሌዘር ግን መከራ ነው፣ በመስኮቶቹ መሀል ያለው የድንጋይ ዘንግ በ1፡200 አንድ ሚሊ አይሞላም፣ ስለዚህ ኮምፔንሳቶው ተቃጥሎ ይሰበራል። ስምንት መስኮት ሰበርኩ። በመጨረሻ መስኮቶቹን ብቻ ከ1 ሚሊ ካርቶን ለይቼ ቆርጬ ከኋላ ለጠፍኩ።

ሳምንት 6

እንደገና ሄድኩ፣ በዚህ ጊዜ ብቻዬን በባቡር። ከለንደን ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ የሚነሳው ያደርሳል፣ ጣቢያው ኦድሊ ኤንድ ይባላል ግን ቤቱ አጠገብ አይደለም፣ በእግር ሃያ ምናምን ደቂቃ ነው፣ በዝናብ።

አዳራሹ ውስጥ ቆሜ የማየው ሁለት ዘመን ፊት ለፊት ተፋጠው ነው። በአንድ ጫፍ ጣሪያ ድረስ የሚደርስ የተቀረጸ የኦክ እንጨት ግድግዳ አለ፣ ስክሪን ይሉታል፣ የመጀመሪያው ኧርል ዘመን ነው፣ ሰውና ፍራፍሬና አውሬ የተጨናነቀበት፣ እንደ አናጢ ሳየው እጄን ነው የበላኝ። በሌላው ጫፍ በ1708 አካባቢ የተሠራ የድንጋይ ስክሪን አለ፣ የአርክቴክቱ የሰር ጆን ቫንብሩ ሥራ ነው የሚባለው፣ ቅስትና ደረጃ ያለው፣ ቀዝቃዛ፣ ንጹህ። የኦክ እንጨቱን ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነጭ ቀለም ቀብተውት ነበር፣ በ19ኛው የመጣው ፋቀው። ኦክ ላይ ነጭ ቀለም! ዛሬም ደንበኛ ሲጠይቀኝ እንዲህ ነው የሚያመኝ፣ እቀባለሁ ግን ያመኛል።

ውጭ ሳሩ ላይ ሄጄ ቆምኩ። ውጪኛው ግቢ የነበረበት ላይ ማለት ነው። ምንም የለም፣ ሳር ነው፣ ሰው ተቀምጦ ሳንድዊች ይበላል። ደረቅ በጋ ሲሆን ከስር መሠረት ያለበት ሳር ቀድሞ ይደርቃል፣ አሁን ግን እርጥብ ስለሆነ ምንም አይታይም። በእርምጃ ለካሁት፣ ዘበኛው እያየኝ ነበር።

ሳምንት 8

የውጪኛው ግቢ ሳምንት። መጥፎ ሳምንት።

አንደኛ፣ አክሪሊኩን ሌዘር ላይ ሳስቀምጥ መሸፈኛ ፕላስቲኩን ልጬ አነሳሁት፣ ንጹህ ይሁን ብዬ። ጭሱ ሁሉንም ጠርዝ አጠቆረው። ሽፋኑን ትተህ ነው የምትቆርጠው፣ ከዛ ነው የምትልጠው። አንድ ሉህ ሄደ፣ 11 ፓውንድ።

ሁለተኛ፣ የተረፈውን በሱፐር ግሉ አያያዝኩት። ማታ ላይ ጥርት ብሎ እንደ ውሃ ነበር፣ ጠዋት ስነሳ መጋጠሚያው ሁሉ ነጭ ጉም ለብሷል። የሙጫው ትነት ነው አክሪሊክ ላይ ነጭ የሚያደርገው። በአልኮል ጠረግኩ፣ አልሄደም፣ በጥርስ ሳሙና ፈተግኩ፣ ትንሽ ቀነሰ። ባለቤቴ አይታው "መንፈስ ይመስላል፣ ተወው" አለች። እውነቷን ነው፣ የፈረሰ ቤት ጉም ቢለብስ ምን አለበት፣ ግን እኔ አልቻልኩም። ለአክሪሊክ የሚሆነውን ቀጭን ፈሳሽ ማጣበቂያ በ9 ፓውንድ ገዛሁ፣ እሱ ሙጫ አይደለም ራሱን ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው የሚያገናኘው፣ በመርፌ ጠርዙ ላይ ጠብ ስታደርገው ራሱ ይሮጣል። መስኮት ከፍተህ ሥራ፣ ራስ ያዞራል። ግማሹን ግቢ ፈትቼ እንደገና ሠራሁት።

ሦስተኛው ትልቁ ነው፦ ግቢው መሠረቱ ላይ አልገባም። 80 ሴንቲ በቂ ነው ብዬ ነበር፣ የመጀመሪያው የተበላሸ ስዕል ላይ ተመርኩዤ። የበር ቤቱ ከጠረጴዛው ውጭ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ሌላ ኤምዲኤፍ 35 ሴንቲ ቆርጬ በሁለት ብሎን ከጎኑ አሰርኩት። መጋጠሚያው ልክ ከአዳራሹ ፊት ትንሽ ወጣ ብሎ አለፈ። አስቀያሚ መስመር ነው፣ በፑቲ ልሸፍነው ነው።

እየሠራሁ የማስበው ገንዘቡን ነው። የመጀመሪያው ኧርል ቤቱና ዕቃው 200,000 ፓውንድ ፈጀ ብሎ ለንጉሡ ነግሯል ይባላል፣ በዛን ጊዜ ገንዘብ። ልጆቹ ዕዳውን ነው የወረሱት። በ1668 ቻርልስ 2ኛ በ50,000 ገዛው፣ ኒውማርኬት የፈረስ ውድድር ቅርብ ስለሆነለት፣ 20,000ውን ግን አልከፈለም፣ እንደ ዕዳ ተይዞ ቀረ። ንጉሥ በዱቤ! በ1701 ዘውዱ ቤቱን ለሃዋርድ ቤተሰብ መለሰ፣ ዕዳውም ተተወ። ልብ በሉ፣ ያለ ጥገና የቆየ፣ ብዙ ክፍል ያለው፣ ጣሪያው በእርሳስ የተሸፈነ ቤት ነው ተመልሶ የመጣላቸው። ከዛ ብዙም ሳይቆዩ ነው ውጪኛውን ግቢ ማፍረስ የጀመሩት። ቫንብሩን ነው ያማከሩት፣ ትልልቅ ቤት በመሥራት የሚታወቀውን ሰውዬ፣ እሱ ደግሞ ትልቁን ቤት እንዲቀንሱ ረዳቸው።

ሳምንት 9

ምንም። ሃርሎው ላይ ሁለት ኪችን ነበረኝ።

ሳምንት 11

የዚህ ሥራ ትልቁ ቀን ይሄ ነበር፣ በደንብ ልጻፈው።

የምሥራቁን ክንፍ፣ ማለትም ረጅሙ ጋለሪ ያለበትን፣ በአክሪሊክ ጨርሼ ከሰሜንና ከደቡብ ክንፍ ጋር በማግኔት እንዲያያዝ አደረግኩት፣ ትንንሽ የ3 ሚሊ ማግኔቶች፣ 50ው በ6 ፓውንድ። ሲገጠም ቤቱ የተዘጋ አራት ማዕዘን ይሆናል፣ ሲነሳ ዛሬ ያለው ቅርጽ ይወጣል። ታሪኩ፦ በ1751 ኤልሳቤጥ የምትባል የፖርትስመዝ ካውንቴስ ቤቱን በ10,000 ፓውንድ ገዛችው፣ ብዙም ሳትቆይ የምሥራቁን ክንፍ አፈረሰችው። እኔ እስካሁን እሷን እየተናደድኩባት ነበር የቆየሁት፣ 69 ሜትር ጋለሪ ታፈርሻለሽ እንዴ እያልኩ።

አክሪሊኩን ላጥ አድርጌ አነሳሁት። ልጄ አጠገቤ ነበር። በጣቱ ከሰሜኑ ክንፍ የላይኛው ፎቅ ተነስቶ ወደ ደቡቡ ሊሄድ ሞከረና "አባ፣ እዚህ መሻገሪያ የለም" አለኝ። አየሁት። እውነትም የለም! መሀል ላይ ያለው አዳራሽ ከፍታው ሁለት ፎቅ ነው፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ባዶ፣ በላዩ መሻገር አይቻልም። በፊት ዙረህ በጋለሪው በኩል ነበር የምትሻገረው። ጋለሪው ሲፈርስ ቤቱ ሁለት ቤት ሆነ። ላይ ፎቅ ያለ ሰው ከአንዱ ክንፍ ወደ ሌላው መሄድ ከፈለገ ወርዶ፣ አዳራሹን አቋርጦ፣ እንደገና መውጣት ነበረበት።

ስለዚህ ቀጣዩ ባለቤት ያደረገው ነገር በመጽሐፍ ሳነበው ያልገባኝ እዚህ ገባኝ። የሴትየዋ እህት ልጅ ሰር ጆን ግሪፊን ግሪፊን በ1762 ወረሰው (ስሙን ሁለት ግሪፊን ያደረገው ለውርስ ብሎ ነው፣ ይሄን የሰማ አበሻ ይስቃል፣ እኛ የአባት ስም አንለውጥም)። እሱ ከአዳራሹ ጀርባ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ሦስት ፎቅ ጋለሪ ደራርቦ ለጠፈ። ጌጥ መስሎኝ ነበር። ኮሪደር ነው! የተቆረጠውን ቤት መልሶ የሰፋበት ክር ነው። ይሄንን ዎልነት በሚባል ጠቆር ያለ እንጨት ሠራሁት፣ 14 ፓውንድ ለትንሽ ጣውላ፣ ይገባዋል።

ለሴትየዋም ሃሳቤን ቀየርኩ። ጣሪያውን አስቡት። እኔ የአንድ ተራ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ የሚመጣውን ሂሳብ አውቃለሁ። ያንን ሁሉ እርሳስና እንጨት ማን ይጠግናል? እሷ ባትቆርጠው ኖሮ ሙሉው ነበር የሚወድቀው ብዬ ነው የማምነው፣ በዛን ዘመን ስንት ትልልቅ ቤት ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። ጎንደር ያደግኩ ሰው ነኝ፣ እዛ ፋሲል ግቢ ውስጥ ልጅ የአባቱን ግንብ አይነካም፣ አጠገቡ የራሱን ያቆማል፣ ስለዚህ ግቢው ይበዛል። ይሄኛው ላይ ተቃራኒው ነው፣ ሁሉም ያንኑ አንዱን ቤት ነው የሚከረክመው።

ሳምንት 12

የደቡብ ክንፍ ምድር ቤት። ይሄ ውስጥ ነው ለውጡ፣ ስለዚህ መሳቢያ አድርጌዋለሁ፣ የኪችን ሰው አይደለሁ። ክንፉ ስር የሚንሸራተት ወለል፣ በላዩ የሚቀያየር ክፍል። ሁለት ወለል ሠራሁ።

አንዱ የ1760ዎቹ ነው። ግሪፊን ግሪፊን አርክቴክቱን ሮበርት አዳምን ቀጥሮ እዚህ ምድር ቤት ላይ አዲስ የእንግዳ ክፍሎች አሠራ። ችግሩ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ዋናዎቹ የክብር ክፍሎች ድሮም ላይ ፎቅ ነበሩ። አዳም ጣሪያውን ማንሳት አይችልም፣ ላይ ፎቅ አለ፣ ስለዚህ ትልቁ ሳሎን ውስጥ ወንበሩንና ሶፋውን አሳንሶ ነው የሠራው፣ ክፍሉ ከፍ ያለ እንዲመስል። በጣም ነው ያሳቀኝ፣ ምክንያቱም እኔም ጣሪያው አጭር የሆነ ፍላት ውስጥ ቁም ሣጥን ስገጥም በሩን በሁለት ከፍዬ ነው የማሳስተው። ዘዴው አንድ ነው። ትንሿ ሳሎን ደግሞ ቢያጆ ሬቤካ የሚባል ሰዓሊ ግድግዳና ጣሪያዋን በስዕል ሞልቷታል፣ እሱን ከፎቶ አሳንሼ አትሜ ለጠፍኩ፣ ፕሪንተሩ ወርቁን ቡና አደረገው።

ሁለተኛው ወለል ከ1825 በኋላ ነው። ሦስተኛው ሎርድ ብሬይብሩክ ወረሰ፣ እሱ የድሮውን የጄምስን ዘመን ነው የሚወደው፣ የእንግዳ ክፍሎቹን መልሶ ወደ ላይኛው ፎቅ ወሰደና የአዳምን ክፍሎች በተናቸው። ማለትም የድሮ እንዲመስል ብሎ አዲስ ሠራ፣ አዲሱን ደግሞ ያረጀ ብሎ አፈረሰ። አሁን ጎብኚ የሚያያቸው አብዛኞቹ የላይ ፎቅ ክፍሎች የሱ እጅ ናቸው፣ የ1600ዎቹ የሚመስላቸው ብዙ ሰው ነው፣ እኔንም ጨምሮ እስከ ሳምንት 6። የአዳምን ክፍሎች በ1960ዎቹ መንግሥት ነው መልሶ ያቆማቸው። ስለዚህ ወለል አንድ ወጥቶ ወለል ሁለት ይገባል፣ ከዛ ወለል አንድ ተመልሶ ይገባል። መሳቢያው በደንብ ስለሚንሸራተት ልጄ ከመቶ ጊዜ በላይ አደረገው፣ የብሬይብሩክን ግድግዳ ሰበረ። በኮላ ተጠገነ።

የልኬት ስህተት፦ መሳቢያው ሲገባ 1 ሚሊ ብቻ ነው የተውኩለት፣ ቀለም ከተቀባ በኋላ ተጣበቀ። ኪችን ላይ ለቀለም ቦታ እተዋለሁ፣ እዚህ ረሳሁ። ፋቅኩት፣ ሰም ቀባሁት።

ሳምንት 13

መሬቱ። ከቤቱ ፊት የካም ወንዝ አለ፣ ኬፐብሊቲ ብራውን የሚባል የመናፈሻና የመሬት ገጽታ ነዳፊ በ1763 ተቀጥሮ ሰፋ አድርጎ ሐይቅ እንዲመስል ያደረገው ነው። ከባለቤቱ ጋር ተጣልተው ነው የተለያዩት፣ ሥራው ዘገየ፣ የወንዙ ጠመዝማዛ አልተወደደም፣ ሂሳብ ላይም ተጨቃጨቁ። ኮንትራክተር ስለሆንኩ የማንን ወገን እንደምይዝ ይታወቃል።

ወንዙን በሬዚን (ፈስሶ የሚደርቅ ፕላስቲክ) አፈሰስኩ፣ 16 ፓውንድ። ጠርዙን በቴፕ ዘግቼ ነበር፣ ቴፑ ለቀቀ፣ ሌሊቱን ሬዚኑ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ከዛም ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ጠዋት ባለቤቴ ስሊፐሯ ወለሉ ላይ ተጣብቆ አገኘችው። ስለሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ሁለተኛውን ጠርዙን በሲሊኮን ዘግቼ በሁለት ዙር፣ ቀጭን ቀጭን አድርጌ አፈሰስኩ፣ ያዘ።

የአዳምን ድልድይ ከካርቶን ሠራሁ። ኮረብታው ላይ ያለውን ቤተ መቅደስ የሚመስለውን የሱን ሥራ፣ ለሰባት ዓመቱ ጦርነት ድል መታሰቢያ የቆመውን፣ ተውኩት፣ በ1፡200 ሌላ ክፍል ያስፈልገዋል።

ሳምንት 14

ጉልላቶች። አረንጓዴ መዳብ የለበሱት ትንንሽ ማማዎች ናቸው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በስሪዲ ፕሪንተሩ በነጻ አወጣልኝ፣ የመጀመሪያዎቹ ጫፋቸው ቀለጠ፣ አንድ አንድ ሳይሆን ስድስት ስድስት አድርጎ ሲያትማቸው ፕላስቲኩ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አገኘና ተስተካከለ። ቀለሙን ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ መጀመሪያ የትምህርት ቤት ሰሌዳ መሰለ። ቡናማ ቀብተህ፣ ከላዩ በደረቅ ብሩሽ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ስትነካው ነው የሚመጣው።

ለጦርነቱ ጊዜ ምን ላድርግ እያልኩ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቤቱ የፖላንድ ልዩ ወታደሮች በድብቅ የሚሠለጥኑበት ነበር፣ ከዛ በፓራሹት ወደ አገራቸው ይወርዱ ነበር። ለሞቱት መታሰቢያ ሐውልት ግቢው ውስጥ አለ፣ 108 ናቸው። ለህንጻው ቅርጽ የለወጡት ነገር ስለሌለ መታሰቢያውን ብቻ ሠራሁ፣ የጥርስ ስንጥር ጫፍ ያህላል። በ1948 መንግሥት በ30,000 ፓውንድ ገዛው፣ አሁን እንግሊሽ ሄሪቴጅ የሚባል የቅርስ ድርጅት ነው የሚያስተዳድረው።

ሳምንት 16

አለቀ፣ ሊባል ይችላል። ወጪ፦ ቁሳቁስ 187፣ ሌዘር 96፣ ሁለት ጊዜ መግቢያና ባቡር 74፣ ስሊፐር 15። ጠቅላላ 372። ባጀት 250 ነበር። ከጣሊያኑ ሞዴል ግን አሁንም ረክሷል።

አንድ ችግር ቀረ። ጋሼ እንዲያዩት ልወስድላቸው ስል ሞዴሉ በሳሎኑ በር አይወጣም። 115 ሴንቲ ነው ከበር ቤቱ እስከ ጋለሪው። በቁሙ እንዳላቆመው ወንዙ አለ፣ በጎን እንዳላዞረው ኮሪደሩ ጠባብ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ከስሊፐሩ በኋላ ብዙ ትዕግሥት የላትም፣ "ወይ ይጠር ወይ ይውጣ" አለች። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ዙሪያውን ዞርኩ። ከዛ ፑቲውን በካተር ከፈትኩት፣ ሁለቱን ብሎን ፈታሁ፣ ውጪኛው ግቢ ከነበር ቤቱ ተለየ። መስመሩ ከአዳራሹ ፊት ላይ ነው፣ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት እነሱ የቆረጡበት አካባቢ ማለት ነው። አሁን በሩን አልፎ ይወጣል፣ መኪና ኋላም ይገባል።

ጋሼ ረጅም ጊዜ አዩት። መሳቢያውን ከፍተው ዘጉት። "ጥሩ ነው" አሉኝ፣ "ግን የፊቱ የት አለ?"

አልጋ ስር ነው አልኳቸው።